የአሸናፊው ዋጋ ምስክር፦ በበይነ መረብ ጨረታ አስመሳይ ተጫራችን ስለ መለየት

(በገረሴ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለነዋሪዎች ከቀረበ የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)



እ.ኤ.አ. በ1938 «አክሽን ኮሚክስ» የተባለ ባለሥዕል መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥር በአሜሪካ በ10 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ሱፐርማን የተባለው ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንባቢ የታየው በዚህ ቁጥር ነው። ከ76 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014፣ በጥሩ ሁኔታ የተጠበቀ አንድ ቅጂ ኢቤይ በተባለው የበይነ መረብ ገበያ በ3,207,852 ዶላር ተሸጠ። በዚህ ሽያጭ ላይ ጥርጣሬ የለኝም፤ ያነሣሁት ለአንድ ጥያቄ ነው። የዚህ መጽሔት ዋጋ ሦስት ሚሊዮን ዶላር መሆኑን በምን እናውቃለን?

የጤፍን ዋጋ ለማወቅ ገበያ ወጥተን አሥር ነጋዴ እንጠይቃለን። ለስብስብ የሚፈለግ ብርቅ ዕቃ ግን አሥር ነጋዴ የለውም። ወረቀቱና ቀለሙ ተመዝኖ ዋጋው አይወጣም። ዋጋውን የምናውቀው ሌላ ሰው ከአሸናፊው ጥቂት ብቻ ያነሰ ገንዘብ ለመክፈል ዝግጁ ስለ ነበረ ነው። በጨረታ የአሸናፊውን ዋጋ ትክክለኛነት የሚመሰክረው ተሸናፊው ነው። እንግዲህ ያ ተሸናፊ የሻጩ ወዳጅ፣ ወይም በሌላ ስም የገባ ሻጩ ራሱ ቢሆንስ? የዛሬው ርእሳችን ይህ ነው። ዕቃውን ለመግዛት ሳይሆን ዋጋውን ለማናር ብቻ የሚጫረተውን ሰው በዚህ ንግግር «አስመሳይ ተጫራች» እለዋለሁ።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ሰዎች ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። በአገራችንም የቆዩ ቴምብሮች፣ የምኒልክ ዘመን ሳንቲሞች፣ የማሪያ ቴሬዛ ብሮች፣ ሥዕሎችና ያረጁ መጻሕፍት ሰብሳቢ አላቸው። በኮሚክ መጻሕፍት በኩልም ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የኢትዮጵያዊ ጀግና ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል፤ የዛሬው የመጀመሪያ እትም የነገ ሰብሳቢ ሊኖረው ይችላል። ስልክ በእጁ ያለ የገረሴ ወጣት እነዚህን ዕቃዎች ለመሸጥም ሆነ ለመግዛት አርባ ምንጭ ወይም አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልገውም። «መነሻ ዋጋው ይህ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚሰጥ ይጻፍ» የሚል አንድ የቴሌግራም መልእክት ጨረታ ሊያስጀምር ይችላል።

የጨረታ ማስከበሪያ ለምን ይጠየቃል?

ከምናውቀው እንነሣ። በጋዜጣ የሚወጣ የባንክ የሐራጅ ማስታወቂያ አንብባችሁ ከሆነ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳታስተውሉ አትቀሩም፦ ተጫራቾች የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በባንክ በተረጋገጠ ሲፒኦ ማስያዝ ይኖርባቸዋል። ብዙ ሰው ይህን ድሃን ከጨረታ የሚያርቅ አጥር አድርጎ ያየዋል። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ማስከበሪያው ሌላ ሥራም አለው፤ ለቃል ዋጋ ይሰጠዋል። «አንድ ሚሊዮን እሰጣለሁ» ያለ ሰው አሸንፎ ቢሸሽ ያስያዘውን ገንዘብ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ አፉን ከመክፈቱ በፊት ያስባል።

በዚህ ላይ የስም ጉዳይ አለ። በጋሞ ዱቡሻ የሚናገር ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ ነው የሚናገረው፤ ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ትናንት ምን እንዳለ ይታወቃል። በሐራጅ አዳራሽም ተጫራቹ ተመዝግቦ፣ መታወቂያውን አሳይቶ ይገባል። በበይነ መረብ ጨረታ ግን ሁለቱም ዋስትናዎች ብዙ ጊዜ የሉም፤ ገንዘብ አይያዝም፤ ስሙም ራሱ የፈጠረው ነው። አንድ ሰው በአንድ ምሽት አምስት አካውንት ከፍቶ አምስት ሰው መስሎ ሊቀርብ ይችላል። አስመሳይ ተጫራችን የሚወልደው የሰው ክፋት ብቻ ሳይሆን ይህ የቃል መርከስ ነው።

አሠራሩ በቁጥር

በኢቤይና መሰል ገበያዎች ተጫራቹ ሊከፍል የሚችለውን ከፍተኛ ዋጋ ለሥርዓቱ በምስጢር ይነግራል። ይህን «ጣሪያ» እንበለው። ሥርዓቱ እርሱን ወክሎ ይጫረታል፤ ነገር ግን ተቀናቃኙን ለመብለጥ ከሚያስፈልገው በላይ አይጨምርም። አሸናፊው የሚከፍለው እንግዲህ ሁለተኛው ሰው ካቀረበው ዋጋ ጥቂት ከፍ ያለውን ነው። የዚህን ዓይነት ጨረታ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1961 በጥልቀት የተነተነው ዊሊያም ቪክሪ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1996 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። የትንተናው ዋና ፍሬ፣ ክፍያውን የሚወስነው የሌላ ሰው ዋጋ ስለሆነ ተጫራች እውነተኛ ጣሪያውን ቢናገር አይጎዳም የሚል ነው። ይህ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ሁለተኛው ዋጋ በሻጩ እጅ የተጻፈ መሆን የለበትም።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የምኒልክ ዘመን የብር ሳንቲም ለጨረታ ቀረበ እንበል። የእናንተ ጣሪያ 6,000 ብር ነው። ሌላ እውነተኛ ፈላጊ እስከ 3,200 ብር ይሄዳል። የአንድ ጊዜ ጭማሪ 100 ብር ከሆነ ሳንቲሙን በ3,300 ብር ታገኙታላችሁ። አሁን ሻጩ በሌላ አካውንት ገባ። 3,800 ብሎ ጻፈ፤ ሥርዓቱ እናንተን ወክሎ 3,900 አለ። 4,500 አለ፤ 4,600 ተመለሰለት። 5,300፣ ቀጥሎም 5,900 አለ፤ እናንተ በ6,000 ብር «አሸነፋችሁ»። 2,700 ብር ከእናንተ ኪስ ወደ ሻጩ ኪስ ተሻግሯል፤ በመዝገቡ ላይ ግን የተፎካካሪዎች ትግል ብቻ ይታያል።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። «ገዢው እስከ 6,000 ብር ለመክፈል ፈቅዶ የለምን? ታዲያ በደሉ የት ላይ ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ቁም ነገር አለው፤ መልሱም ይህ ነው፦ ገዢው የፈቀደው 6,000 ብር ለመክፈል ሳይሆን፣ እስከ 6,000 ብር ድረስ ከእውነተኛ ተቀናቃኝ ጥቂት በልጦ ለመክፈል ነው። ጣሪያውን ለሥርዓቱ የነገረው አምኖ ነው። አስመሳዩ የሰረቀው ያንን አደራ ነው። ጉዳቱም በእርሱ ላይ አያበቃም። የዛሬው 6,000 ብር ነገ ሌላ ሻጭ «ባለፈው በዚህ ዋጋ ተሸጧል» ብሎ የሚጠቅሰው ማስረጃ ይሆናል።

ከተመዘገቡ ጉዳዮች

እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 አንድ የካሊፎርኒያ ጠበቃ አንድ ሥዕል ኢቤይ ላይ በ25 ሳንቲም መነሻ ዋጋ አቀረበ። ሥዕሉ የታዋቂው ሠዓሊ የሪቻርድ ዲበንኮርን ሥራ ይሆናል የሚል ግምት በተመልካቾች ዘንድ ተነሣ፤ ዋጋውም 135,805 ዶላር ደረሰ። ሻጩ ራሱ በሌላ ስም መጫረቱ ሲታወቅ ኢቤይ ሽያጩን ሰረዘው። የፌዴራል ምርመራው ሻጩና ተባባሪዎቹ ከ40 በላይ በሆኑ የተጠቃሚ ስሞች እርስ በርሳቸው ዋጋ ያናሩ እንደ ነበር አሳየ። በሥዕሉ ላይ የነበረውም ምልክት ሐሰተኛ ነበር።

ከዚህ ጉዳይ የምንማረው ሐሰተኛ ዋጋ ሐሰተኛ ዕቃን እንደሚያጸድቅ ነው። ተመልካች «ይህን ያህል ሰው ይህን ያህል ከሰጠ፣ እውነተኛ ቢሆን ነው» ይላል። የማሪያ ቴሬዛን ብር አስቡ። ይህ ብር ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላም በተለያዩ አገሮች ለብዙ ዘመን ተቀርጿል፤ በላዩ ያለው ዓመተ ምሕረት ግን ሁልጊዜ 1780 ነው። ስለዚህ ዓመቱን አይቶ ብቻ ስለ ዕድሜው መፍረድ አይቻልም። በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ የተጫራቾች ግርግር የባለሙያን ምርመራ ተክቶ ከቆመ ገዢው ሁለት ጊዜ ይታለላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የማስትሮ የጨረታ ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት በስፖርት ካርዶችና መታሰቢያ ዕቃዎች ሽያጭ በአሜሪካ ስመ ጥር ነበር። መሪው ቢል ማስትሮ በሐሰት ጨረታ ዋጋ ማናርን ጨምሮ በቀረበበት የማጭበርበር ክስ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥፋቱን አመነ፤ እ.ኤ.አ. በ2015ም የ20 ወር እስራት ተፈረደበት። እዚህ አታላዩ በመንደር ያለ ሻጭ ሳይሆን አጫራቹ ራሱ እንደ ነበር ልብ በሉ። የድርጅት ዝና ብቻውን ዋስትና አይደለም።

የሚታዩ ምልክቶች

አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች ጃሮድ ትሬቫታንና ዌይን ሪድ የተጫራቾችን ጠባይ ከመዝገብ እየለኩ ለእያንዳንዱ የጥርጣሬ ነጥብ የሚሰጥ ዘዴ አዘጋጅተዋል። ዘዴው የሚነሣው ከቀላል አስተውሎት ነው፦ የአስመሳይ ተጫራች ዓላማ መሸነፍ ስለሆነ፣ ጠባዩ ማሸነፍ ከሚፈልግ ሰው ጠባይ ይለያል። ከእነርሱ ሐሳብ ጋር ተቀራራቢ የሆኑትን ምልክቶች በራሴ አገላለጽ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ለአንድ ሻጭ ታማኝ ነው። የተለያየ ዓይነት ዕቃ ቢሆንም እንኳ የሚጫረተው በአንድ ሻጭ ጨረታ ላይ ነው። ኢቤይ የተጫራቾችን ስም ቢሸፍንም፣ አንድ ተጫራች ባለፉት 30 ቀናት ካደረገው ተሳትፎ ስንት በመቶው ከዚያ ሻጭ ጋር እንደሆነ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ደጋግሞ ይጫረታል፤ ደጋግሞም ይሸነፋል። ሦስተኛ፣ ቀድሞ ይገባል፤ ጨረታው ሊዘጋ ሲል ግን ይጠፋል። እውነተኛ ፈላጊ የመጨረሻዋን ደቂቃ ሲጠብቅ፣ አስመሳዩ በድንገት እንዳያሸንፍ ይሸሻል። አራተኛ፣ ሲበልጡት ወዲያው ይመልሳል፤ ጭማሪውም አነስተኛ ነው። ይህ የሌላውን ጣሪያ በዱላ እየነካኩ መፈለግ ነው። አምስተኛ፣ ጣሪያውን ካገኘ በኋላ «በስሕተት ጻፍሁ» ብሎ ዋጋውን ይስባል፤ ከዚያም ከጣሪያው ዝቅ ብሎ ይመለሳል። ስድስተኛ፣ ተሽጧል የተባለው ዕቃ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያው ሻጭ እጅ እንደገና ለጨረታ ይቀርባል፤ አስመሳዩ ሳያስበው አሸንፎ ሊሆን ይችላል። ሰባተኛ፣ ሻጩ ለተሸናፊው «አሸናፊው አልከፈለም፤ አንተ በሰጠኸው ዋጋ ውሰደው» ይለዋል።

በቴሌግራምና በፌስቡክ ለሚደረጉ ጨረታዎች ሁለት ልጨምር። የተጫራቹ ገጽ በቅርብ የተከፈተ፣ ፎቶና ታሪክ የሌለው መሆኑን ተመልከቱ። እንዲሁም ገጹን የሚያስተዳድረው ሰው የተጻፉ ዋጋዎችን ማጥፋት እንደሚችል አትርሱ፤ ጨረታው በሚካሄድበት ጊዜ የስክሪን ቅጂ ካልያዛችሁ በኋላ የሚታይ መዝገብ ላይኖር ይችላል።

ምልክት ማስረጃ አይደለም

ከላይ የዘረዘርኋቸው ሁሉ ንጹሕ ማብራሪያም አላቸው። በአንድ ሻጭ ብቻ የሚጫረት ሰው የዚያን ሻጭ ዘርፍ የሚወድ ሰብሳቢ ሊሆን ይችላል። በትንሽ በትንሹ የሚጨምረው ገንዘብ የሚቆጥብ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ የሚሸነፈውም ዐቅሙ ከፍላጎቱ ያነሰ ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ ወንጀል አይደለም።

ነገሩን በቁጥር ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። ከ1,000 ጨረታዎች በ50ዎቹ አስመሳይ አለ እንበል። አንድ ምልክት አስመሳይ ካለባቸው ውስጥ በ80 በመቶው፣ ከንጹሐኑ ደግሞ በ10 በመቶው ይታያል። ምልክቱ በ40 የሐሰት ጨረታዎችና በ95 ንጹሕ ጨረታዎች ላይ ይታያል ማለት ነው። በድምሩ 135 ተጠርጣሪ አለን፤ ከእነዚህ ጥፋተኞቹ 40፣ ማለትም 30 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ምልክቱን አይቶ «አጭበርባሪ!» ብሎ የጮኸ ሰው ከአሥር ጊዜ ሰባቱን ንጹሕ ሰው ከስሷል። አንዱ ከሌላው ጋር ያልተያያዙ ሁለት ምልክቶች አብረው ሲገኙ ግን ስሌቱ ይለወጣል፤ 32 ጥፋተኞች ከ10 ከማይሞሉ ንጹሐን ጋር ይቀራሉ፤ ግምቱም ወደ 77 በመቶ ይወጣል። ነገር ግን ከላይ ካሉት ምልክቶች ብዙዎቹ የተያያዙ ናቸው። ደጋግሞ የሚጫረት ሰው ደጋግሞ መሸነፉ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ ምልክት ከመቁጠር በፊት የምልክቶቹን ዝምድና መመርመር ያስፈልጋል፤ ከአንድ ጨረታ ይልቅም የአንድን ሻጭ ብዙ ጨረታዎች ማየት ይሻላል።

በመሸነፍ የተቆጣ ሰው ጥርጣሬ እንዲበዛበት የታወቀ ነው። በትንሽ ከተማ የአንድ ነጋዴ ስም ከጠፋ ለመመለስ ዓመታት ይወስዳል። ምልክት ያየ ሰው ራሱን ይጠብቅ፣ መዝገብ ይያዝ፣ ለገበያው አስተዳዳሪ ያመልክት እንጂ በአደባባይ ፍርድ አይስጥ።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1704 አንዱ ወገን ሌላውን በተንኰል አታሎ ውል እንዲዋዋል ካደረገውና ባይታለል ኖሮ የማይዋዋል ከነበረ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የማታለል ወንጀልን ይቀጣል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም በአንቀጽ 10 በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም የማታለል ድርጊትን ለብቻው አስቀምጧል።

ችግሩ ከሕጉ ይልቅ በማስረጃው ላይ ይከብዳል። ሁለት አካውንቶች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳየው መረጃ ያለው በገበያው ባለቤት እጅ ነው፤ ገዢው የሚያየው ውጫዊውን ብቻ ነው። ለሕግ ተማሪዎች አንድ የንጽጽር ነጥብ ላክል። በአሜሪካ የንግድ ሕግ፣ ሻጩ ሳያሳውቅ በጨረታው ራሱ ወይም በሌላ ሰው በኩል እንደ ተጫረተ ከተረጋገጠ፣ ገዢው ምርጫ አለው፤ ሽያጩን ያፈርሳል፣ ወይም ዕቃውን በመጨረሻው ቅን ልቦና በቀረበ ዋጋ ይወስዳል። በምሳሌያችን ሳንቲሙን አስቀርቶ ከ3,300 ብር በላይ የከፈለውን ያስመልሳል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መፍትሔ በእኛ ሕግ መሠረት በየትኛው መንገድ ሊገኝ እንደሚችል ቢመረመር ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ምን እናድርግ?

ገዢ የሆነ ሰው ጨረታ ከመግባቱ በፊት ጣሪያውን በወረቀት ይጻፍ፤ የሚጽፈውም ሌላ ተጫራች ጭራሽ ባይኖር ዕቃው ለእርሱ ምን ያህል ይገባዋል ብሎ ነው። ከዚያ ቁጥር አይለፍ። ዋጋውን በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ሊዘጋ ሲል ያስገባ፤ ያኔ አስመሳዩ ጣሪያውን እየነካካ የሚፈልግበት ጊዜ አያገኝም። የተሳበ ዋጋ ካየ ወይም «አሸናፊው አልከፈለም» ከተባለ፣ ያ ሰው ከመግባቱ በፊት የነበረውን ዋጋ ብቻ መነሻ አድርጎ ይደራደር። የዕቃውን እውነተኛነት ደግሞ ከተጫራቾች ብዛት ሳይሆን ከሚያውቅ ሰው ይጠይቅ።

በስልክ ገጽ ጨረታ የምታካሂዱ ወጣቶችም ከባንክ የሐራጅ ማስታወቂያ ተማሩ። አነስተኛ የጨረታ ማስከበሪያ በቴሌብር አስይዙ፤ ለተሸናፊዎች በዚያው ቀን መልሱ። ተጫራቾችን በስማቸው መዝግቡ። ዕቃው ከተወሰነ ዋጋ በታች እንዳይሸጥ ከፈለጋችሁ ያንን ዋጋ በግልጽ ጻፉት። ዝቅተኛ ዋጋውን ለማስጠበቅ ሲል ብቻ በሌላ ስም የሚጫረት ሻጭ አለ፤ አንድ መስመር በመጻፍ በእውነት ሊያገኝ የሚችለውን በሐሰት መፈለጉ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የበይነ መረብ ጨረታን ለማስጠላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተናገደችው «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የቡና ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማው አርሶ አደር የንጉሤ ገመዳ ቡና በበይነ መረብ ጨረታ አንዱ ፓውንድ በ185.10 ዶላር ተሸጧል። ያ ዋጋ የታመነው ቡናው አስቀድሞ በቀማሾች ስለ ተመዘነ፣ ተጫራቾቹ የተመዘገቡ ገዢዎች ስለ ነበሩና የገዢው ማንነት ከውጤቱ ጋር ይፋ ስለ ሆነ ነው። የጋሞ ሸማኔ፣ የጨንቻ አፕል አምራች፣ የቦንኬ ገበሬ ነገ በእንዲህ ያለ ገበያ ሊቀርብ ይችላል። የሩቅ ገዢ ገንዘቡን የሚልከው በማያውቀው አገር የተጻፈ ቁጥር እውነተኛ ነው ብሎ ካመነ ብቻ ነው። ዛሬ በመቶ ብር ዕቃ ላይ የምንለምደው ሥርዓት ያንን እምነት ይሠራል ወይም ያፈርሳል።